ያልታጠበው ማሊያ

ማርሊን የከሰሉን ከረጢት ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ ስትጎትት የለውዝ ቆርቆሮ አብሮ ወደቀ። ክዳኑ ተስፈንጥሮ ሄደ። ሲሚንቶው ላይ የተበተነው ግን ለውዝ አልነበረም፤ ነጫጭ ክኒኖች ናቸው፣ ግማሾቹ ክብ፣ ግማሾቹ ሞላላ። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳችና መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አወረደች። የባሏ የጂን የልብ መድኃኒት ነው። በየማለዳው ቡናውን ይዞ ወደ ጋራዥ ይወጣና ሲመለስ "ዋጥኩት" የሚላት መድኃኒት።

ለቀመቻቸው። ቆጠረቻቸው። ሃያ ሁለት ናቸው፤ በቀን ሁለት፣ የአሥራ አንድ ቀን።

አሥራ አንድ! ትርጉሙን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያን ሰሞን በሚልዋኪ አሥራ አንድን የማያውቅ ሰው ቢኖር ወይ አራስ ልጅ ነው፣ ወይ የቺካጎ ሰው ነው። የቤዝቦል ቡድናችን አሥራ አንድ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ከቺካጎ ጋር፣ ሦስቱም እዚሁ በሜዳችን፣ ዛሬ ዓርብ፣ ነገና እሁድ። ሁለቱን ካሸነፍን የምድቡ አንደኝነት የኛ ነው። ካልሆነ የነሱ ነው፤ እኛም እንደ ልማዳችን ክረምቱን ሙሉ ስንንገበገብ እንከርማለን።

በኛ ከተማ ደግሞ ቡድን እያሸነፈ፣ ዕድሉ እንዳይሰበር ምንም ነገር አይነካም። ሶፋው ላይ በስተግራ የተቀመጠ በስተግራ ይቀመጣል። ጺሙን ያልተላጨ አይላጭም። የጂን ማሊያ በመጀመሪያው ድል ቀን ሰናፍጭ ፈሶበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳሙና አላየም። ጨዋታ እስኪጀምር ድረስ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቤቱን ያገማዋል። ማርሊን አፍንጫዋን ይዛ ታልፈዋለች እንጂ አትነካውም።

እንዲያውም ይህን ሁሉ ያስተማረችው እሷ ናት። ጂን ሲያገባት ቤዝቦል የሚያየው እንቅልፍ እስኪወስደው ነበር። ከአባቷ ጋር በረንዳ ላይ ጨዋታ በሬዲዮ እየሰማች ያደገችው እሷ፤ በተጋቡበት ዓመት "ይህን ካልሲ ብታወልቅ እፈታሃለሁ" ብላ ዘጠኝ ቀን አንድ ካልሲ ያስለበሰችው እሷ። ያኔ ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ነበር።

ስልኳ ጮኸ። የእህቷ ባል ኬኒ ነው፤ ቺካጎ ተወልዶ ቺካጎ ያረጀ።

"እህት ዓለም! እንዴት አደራችሁ? ለቅሶው ከመጀመሩ በፊት ልድረስላችሁ ብዬ ነው።"

"ኬኒ፣ አሁን አልችልም።"

"ትችያለሽ! የዛሬውን ግራኝ ወርዋሪያችንን አይተሽዋል? ኳስ አይደለም፣ እሳት ነው የሚወረውረው። አሥራ አንዱን እርሱት። ለእሁድ ጥቁር ልብስሽን ከአሁኑ አውጪ፣ ስሚኝ።"

ሌላ ቀን ቢሆን አፉን የሚያስይዝ መልስ አታጣም ነበር። አሁን ግን ቀልዱ አልታያትም።

"ዛሬ ጥቁር ልብስ አትበለኝ" አለችና ዘጋችበት።

ቆርቆሮውን ይዛ ወጥ ቤት ስትገባ ጂን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ከጫማው ጋር ይታገላል። በመስኮቱ በኩል ከከተማው ዳር ካለው ሐይቅ ላይ የተነሳው ደመና ቀኑን አጨልሞታል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ጂን ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ ዞሮ ያየው እሷን ሳይሆን ማሊያውን ነው።

"ማን ንኪ አለሽ?"

"ጂን!"

"የመጀመሪያ ቀን ኪሴ ውስጥ ረስቼው ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እውነቴን ነው፣ ረሳሁት። ማታ አሸነፍን። በማግስቱ ልውጠው ስል... አንቺው ታውቂያለሽ።"

"ምኑን ነው የማውቀው?"

"ማወቁንስ ታውቂያለሽ።"

እውነቱን ነው፣ ታውቃለች። ያቃጠላትም ይኸው ነው። ሌላ ሴት ብትሆን "አብደሃል እንዴ?" ብላ ጎረቤት ትጠራ ነበር። ማርሊን ግን ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ እኮ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ እግሩን አየች። ቁርጭምጭሚቱ የለም፤ አብጦ ከባቱ ጋር አንድ ሆኗል።

"ጫማው እንቢ ያለህ ለምንድን ነው?"

"ትናንት ቆሜ ስለዋልኩ ነው።"

"ሌሊቱን ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ያደርከውስ?"

"አልጋው ሞቀኝ።"

"አትዋሸኝ! ጋደም ስትል ያፍንሃል። ዶክተሯ እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ። ካቋረጠ ውሃው ሳንባው ውስጥ ይሞላል፣ ያን ጊዜ አምቡላንስ ላይደርስለት ይችላል ነው ያለችኝ። አንተ እዚያው ቁጭ ብለህ ሰምተሃል።"

"እስከ እሁድ፣ የኔ እመቤት። ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮውን ሙሉ እውጥልሻለሁ።"

በቀልዱ ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ሳል ሆነበትና ጠረጴዛውን ጨብጦ ጎበጠ። ሳሉ እርጥብ ነበር፤ ከውስጥ የሆነ ነገር ይንቦጫረቃል። ማርሊን ፈራች። በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

"አሁኑኑ ዋጠው። በሞቴ።"

"በሞቴ አትበይኝ። አባትሽ ቢኖሩ ምን የሚሉ ይመስልሻል? ምንም አትንኩ ነው የሚሉት። አሁን ብውጠውና ማታ ብንሸነፍስ? ሃያ ዓመት የጠበቅነውን እኔ አበላሸሁት ማለት ነው። እንዴት ነው ዓይንሽን የማየው?"

ልጃቸውን ልትጠራ ትችላለች። ዶክተሯ ጋ ልትደውል ትችላለች። እሱም እሺ ይላል፣ አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ ዞር ሲሉ ቆርቆሮው ውስጥ ይተፋዋል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሲያታልላት አልነበረም? የሚጠብቀው ነገር እስካለ ድረስ ጂን አይውጥም። ይህን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማሊያውን ከምስማሩ አወረደችው።

"ምን ልታደርጊ ነው? ማርሊን! መልሽው!"

የምድር ቤቱን ደረጃ ወረደች። ጂን ተከተላት። ሦስት ደረጃ ወርዶ ግን ቆመ፤ መደገፊያውን ይዞ ትንፋሹ እያፏጨ ቁጭ አለ። እሷ የማጠቢያ ማሽኑን ከፍታ ማሊያውን ወረወረችበት፣ ሳሙናውን ገለበጠችበት። ጣቷ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለች። የአባቷ በረንዳ ትዝ አላት፣ የኬኒም ሳቅ። የምድቡን ድል ጂን ከሚፈልገው በላይ የምትፈልገው እሷ ነበረች። ተጫነችው። ውሃው መውረድ ጀመረ።

ወደ ደረጃው ተመልሳ ከቆርቆሮው ይዛ የወረደቻቸውን ሁለት ክኒኖች መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችለት።

"አለቀ። ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለም" አለችው። "ማታ ከተሸነፍን ጥፋቱ የኔ ነው። ለኬኒም ንገረው፣ ለሰፈሩም ንገር፤ ማርሊን ናት ያጠበችው በል። አሁን ዋጠውና ዶክተሯ ጋ እንሂድ።"

"ጨዋታውስ?"

"እዚያም ቴሌቪዥን አለ።"

ጂን ክኒኖቹን አላነሳም። በሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ማሽኑን ያያል። ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ አንድ ነገር በራ።

"ሰናፍጭ እኮ በሳሙና ብቻ አይለቅም" አለ። "እድፉ ካለ... ምናልባት አሁንም..."

ማርሊን አየችው። ከንፈሩ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ሆኗል፤ እሱ ግን ተስፋ ያደርጋል። ክኒኖቹን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ተመልሳ ወርዳ የማሽኑን ክዳን ከፈተች፣ የበረኪናውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደች፣ እሱ እያያትም አንጠፍጥፋ ገለበጠችው። ሽታው ምድር ቤቱን ሞላው።

ጂን መደገፊያውን ለቀቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክኒኖቹን አነሳ።

"ውሃ አምጪልኝ" አላት።