ባዶው ናሙና

ዝናቡ በረዶ እየቀላቀለ መስኮቱን ይመታል። ላይላ ማኪ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተቀምጣ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ከሎን ሐይቅ የመጣው የመጨረሻ ናሙና ዘይት ውስጥ ገብቶ ወደ ብዙ ሺህ ደቃቅ ጠብታዎች ተበታትኗል፤ ጠብታዎቹ በቀጭን ቱቦ ተሰልፈው በጋለውና ለብ ባለው ብረት መካከል እየተመላለሱ ይፈስሳሉ። የሲስኮ ዓሣ ዲኤንኤ ቅንጣት ያገኘች ጠብታ በየዙሩ እያባዛችው ትሄድና መጨረሻው ላይ ታበራለች። ያላገኘችው ጨልማ ታልፋለች።

ሲስኮ ከሐይቁ ጠፍቷል ከተባለ አንድ የማዕድን ኩባንያ ሰኞ ፈቃዱን ይወስዳል፤ የቆሻሻ ድንጋዩንም እዚያ ይደፋል። የላይላ እናት ዛሬም የሚኖሩት ሐይቁ ዳር ነው።

አንዲት ጠብታ አበራች። ቀጥላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

«ኦርቪል! ና፣ ቶሎ ና! አሉ!»

ኦርቪል ከጓዳው ብቅ አለ። ዛሬ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ነው። ለስንብቱ ከሌላ፣ ከትልቁ ሐይቅ አጥምዶ ራሱ በጭስ ያበሰለውን ሲስኮ ይዞ መጥቶ ምሳ ላይ ባልደረቦቹን ሁሉ አብልቷል። ወደዚህ ሕንፃ ዓሣ ማስገባት ክልክል ቢሆንም፣ ለአንድ ቀን ብለው አይተው እንዳላዩ አልፈውታል።

«አላልኩሽም? ዓሣና እኔ አንድ ነን፤ ሞቱ ሲባል ብቅ እንላለን!»

ላይላ ሳቀች። የቀረው ለማመሳከሪያ የሚመረመረው ባዶው ናሙና ብቻ ነበር፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ ስላለበት ከዳር እስከ ዳር መጨለም አለበት። ጨለማ ሆኖ ቆየ። ከዚያ አንዲት ጠብታ አበራች። ደግሞ ሌላ። ሲያልቅ ያበሩት ከሐይቁ ናሙና አላነሱም።

እጅጌዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ጭስ ጭስ ይላል።

«ዓሣህ ነው» አለች በቀስታ። «ሁለቱንም ያዘጋጀሁት ከምሳ በኋላ ነው። ጓንት ቀየርኩ፤ ሹራቤን ግን አላወለቅኩም።»

«ሌላ ውሃ ቅጂያ!»

«በምን? ሐይቁ ላይ ያለው በረዶ ጀልባ አያሳልፍ፣ ሰው አይሸከም።»

ኦርቪል በሩን ገርበብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባዶውን ብቻ ድገሚው። ታጥበሽ፣ ልብስሽን ቀይረሽ። ንጹሕ ይወጣል። ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ።»

«እኔማ ከነገ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ» አለና ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

ከሐይቁ ናሙና ካበሩት ጠብታዎች መካከል የእውነት የሐይቁ የሆነች ትኖር ይሆናል። ግን ከእንግዲህ ማንም ሊለያት አይችልም። ላይላ «አልተገኘም» ብላ ለመጻፍ እጇ እምቢ አላት፤ «ተገኘ» ለማለትም እንዲሁ። «ናሙናው ተበክሏል» ብላ ጻፈችና ላከችው። ሰኞ ፈቃዱ ሲወሰን ሁለቱ ቃላት ከ«አልተገኘም» እንደማይለዩ ታውቃለች።

ኦርቪል የተረፈውን ዓሣ ከነትሪው አንሥቶ፣ ካፖርቱን እንኳ ሳይደርብ፣ ሊደፋው ወደ ዝናቡ ወጣ።