ወደብ ላይ ያመለጠ ቃል

«‹ተመስገን› አለች። በእነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት» አለች የዕድሩ አባል ደመቀች፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ ወደ ፔርሙዝ እየገለበጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። የዴን ሃግ ሙርዋይክ ሰፈር ቤት ግድግዳ ግን ስስ ነው፤ ሳሎን ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው ሽታዬ ሁሉንም ሰማች።

እውነት ነው፣ ብላለች። የእማማ ወለተሥላሴን ሞት በነገሯት ደቂቃ፣ ሰው ሊደግፋት እጁን ዘርግቶ ሳለ፣ ጮክ ብላ «ተመስገን» ብላለች። ዛሬ የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው፤ የሚመጣው ሁሉ ነፍስ ይማር ይልና ወጥ ቤት ገብቶ ይህንኑ ወሬ ይዞ ይወጣል። አሮጊቷን አምስት ዓመት አስታማ ሰልችቷት ነበር፣ ይኸው ተገላገለች ይባላል። ሽታዬ ሐሜቱን ትችለዋለች። የፈራችው ልጇን ዮሃናን ነው።

ዮሃናን ከተወለደች ጀምሮ አዝለው ያሳደጓት ወለተሥላሴ ናቸው። የሥጋ ዘመድ አልነበሩም። ስደተኛ ማቆያ ውስጥ አንድ ክፍል የደረሳቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ እርጉዝ፣ አንዷ ልጆቿን ቀብራ የመጣች። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።

ሽታዬ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ባለ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። አለቃዋ በሰሜን በኩል ቭሊላንድ የምትባል ደሴት ላይ ያለውን ሌላ ሆቴላቸውን ለበጋ እንድታሰናዳ ለአራት ቀን ላካት። በአራተኛው ቀን ንፋሱ በረታና መርከቡ ተሰረዘ። በዚያው ጠዋት እማማ ወለተሥላሴ አርፈው ነበር።

የዕድሩ ሰዎች መከሩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ያውም ብቻዋን ደሴት ላይ ላለች ሴት፤ ነገ ወደቡ ድረስ ሄደን እንነግራታለን ተባባሉ። ዮሃናም ድምፅሽ ያሳብቅብሻል ተብላ ስልክ እንዳታነሣ ታዘዘች። ሽታዬ ለልጇ አሥራ ሦስት ጊዜ ደወለች። ወለተሥላሴ ድሮም ስልክ አያነሡም። ደመቀች ጋ ብትደውል «ሁሉም ሰላም ነው» አለቻት፤ በዚያ ድምፅ የሚነገር ሰላም ምን እንደሆነ ደግሞ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ መርከቡ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አልተቀመጠችም። ሃርሊንገን ወደብ ሲቃረቡ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ ደመቀች ያለችባቸው አምስት ሰዎች አየች። አንድ በአንድ ፊታቸውን ፈለገች፤ ዮሃና የለችም። ከመርከቡ እንዴት እንደወረደች አታውቅም።

«ልጄ» አሏት የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ አሸናፊ፣ ክንዷን ይዘው፣ «እማማ ወለተሥላሴ አርፈዋል።»

ቃሉ ያመለጣት ያኔ ነው። ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አልቆጠረላትም። እስከ ዴን ሃግ ድረስ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ መኪናው ውስጥ ማንም ዓይኗን አላየም። ላስረዳ ብትል ደግሞ «ልጄ መስላኝ ነው» ማለት፣ እሳቸው ቢሞቱ ይሻለኛል ማለት ሆነባት።

ዛሬ ዮሃና ሮተርዳም ፈተና ነበራት። በለቅሶ ቀን ምን ፈተና አለ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። «ይሄ ራሱ ሄርካንሲንጉ፣ ድጋሚ ፈተናው ነው፣ ሌላ ድጋሚ የለውም» ብላ ኮቷን ለበሰች። ሽታዬ በር ላይ ያዘቻት።

«ወደቡ ላይ ያልኩትን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ክሎፕት ዳት? እውነት ነው?»

«እውነት ነው። የሞትሽው አንቺ መስለሽኝ ነበር።»

ዮሃና የኮቷን ቁልፍ ቆለፈች። ከዚያ ባቡሩ ያመልጠኛል ብላ ወጣች። ሽታዬ ተመልሳ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች፤ ልጄንም አጣኋት ብላ አሰበች።

ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ በሰው እንደሞላ፣ ከወለተሥላሴ ፎቶግራፍ አጠገብ የተቀመጠው የሳቸው ስልክ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ደመቀች ትሪ እንደያዘች በር ላይ ቀረች።

«ማን ነው የሚደውለው?» አሉ አቶ አሸናፊ።

ሽታዬ ወዲያው አላወቀችም ነበር። ስታውቅ ደረቷ ላይ ለሦስት ቀን የተጫነው ነገር ተነሣላት።

«ዮሃና ናት። እማማ መልእክት ማንበብ አይችሉም ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የትም ስትሄድ፣ ስትደርስ አንድ ጊዜ ትደውልና ትዘጋለች። ደርሻለሁ ማለቷ ነው። እሳቸው አያነሡትም፤ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ…»

ቀጥሎ እሳቸው የሚሉትን ቃል እንደ እሳቸው ጮክ ብላ አለችው።

«ተመስገን።»

«ተመስገን» አሉ አቶ አሸናፊም፣ ቀስ ብለው። ደመቀች ትሪውን አስቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ሽታዬ ስልኩን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ባትሪው ሊያልቅ ነበር። ወለተሥላሴ ይተኙበት ወደነበረው አልጋ ሄደች፤ ከራስጌው ቻርጀሩን ፈልጋ ስልኩን ሰካችው።