ቤት የሚመታ ድምፅ

ወንድሜ የሙዚቃ አቀናባሪ ነው። ተቀጥሮ የሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆንም የራሱን ዘፈን የሚሠራው እናታችን ቤት ነበር። የስቱዲዮው ትልቁ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ በሳሙና ማስታወቂያና በባለጉዳይ ዘፈን ተይዞ ይውላል። ቢለቀቅለትም እዚያ ላይ የተቀመጠ ዜማ የባለቤቱ እጅ ሳይገባበት አያድርም። ባለቤቱን በሌለበት ቮልዩም እንለዋለን። ከበሮ ሲሰማ «ጨምረው» ይላል፣ ጊታር ሲሰማ «ጨምረው» ይላል። ለቅሶ ቤት ቢሄድ እንኳ አልቃሾቹን «ጨምሩት» ሳይል የሚመለስ አይመስለኝም።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ግጥም የምጽፍለት እኔ፣ ዘፋኝ እስኪገኝ ድረስ ዜማውን ለናሙና የማንጎራጉርለትም እኔ። ምስጋናው ሲመጣ ግን የሱ ብቻ ነው፤ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

ላፕቶፗ አሮጌ ነበረች። ማጠፊያዋ ስለተሰበረ ስክሪኗ ካልተደገፈ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ወንድሜ ባዶ የዱቄት ቆርቆሮ ያስደግፍላታል። ከቁልፎቿ የወለቁት ይበዛሉ። ስትግል ማራገቢያዋ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ስፒከሯማ የትንኝ ድምፅ ነው፤ ቀጭን ቀጭኑን ታሰማለች እንጂ ወፍራሙን፣ ቤዝ የሚባለውን፣ ጨርሶ አታወጣውም። ስለዚህ ወንድሜ ቤዙን የሚያስገባው በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ነበር። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹን እያየ በግምት ይደረድርና «ስቱዲዮ ስንሄድ ይሰማል» ይለኛል።

እማዬ ላፕቶፗን «አሮጊቷ» ነበር የምትላት።

«ይቺ አሮጊት ዛሬም አልሞተችም?» ትላለች በበሩ ብቅ ብላ።

«አንቺን ሳትቀብር አትሞትም፣ እማዬ» ይላታል።

«እናያለና፣ ማን ማንን እንደሚቀብር!»

እንዲህ ነበር ጨዋታችን።

የቤታችን የኋላ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። በአንዱ ጫፍ ወንድሜ የሚሠራባት ጠባብ ክፍል ናት፣ በሌላው ጫፍ የእማዬ መኝታ፤ አልጋዋ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው የተዘረጋው። ከግድግዳው ወዲያ ድሮ የጎረቤት ጓሮ ነበር። በኋላ ግን ሌሎች ሰዎች ገዙትና ለፎቅ መሠረት ያስቆፍሩ ጀመር። ጉድጓዱ በየቀኑ ወደኛ ይጠጋል። እማዬ ሄዳ የቆፋሪዎቹን አለቃ ብትጠይቀው «አይዞዎት እናቴ፣ የርስዎ ቤት ከኛ ፎቅ በላይ ዕድሜ አለው» አላት። ምርቃት ይሁን ስድብ ሳይገባት ተመለሰች።

ወንድሜ ማይኩን የሰቀለው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። የማይኩ ማቆሚያ እግሩ ተሰብሯል፤ ደግሞ ከላፕቶፗ ማቃሰት ማራቅ ነበረበት። ትልቅ ሚስማር መታና እዚያ ላይ አሰረው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብሎ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በእንቁላል ካርቶን ለበጠው። ክፍሏ አማረባት። ካርቶኑ ከተለጠፈ በኋላ ግድግዳው ምን እንደሚመስል ያየ ሰው የለም።

የምንቀዳው ቆፋሪዎቹ ማሽናቸውን አጥፍተው ከሄዱ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዘፈን ጀምሬ ግማሽ ሳልደርስ እማዬ ከመኝታዋ «ማነው?» አለች።

ወንድሜ ቀረጻውን አቆመ። «እማዬ! እየቀዳን ነው እኮ!»

«ሰው ያንኳኳል፤ አትሰሙም እንዴ?»

ሄዶ የውጭውን በር ከፈተ። ማንም የለም። እንደገና ጀመርን፣ እንደገና «ማነው?» አለች። አሁን ራሷ ሻሏን ደርባ፣ ጫማዋን እየጎተተች ሄዳ ከፈተች።

«ባለጌ ነው!» አለች ስትመለስ። «አንኳኩቶ የሚሮጥ።»

ሳቅን። እሷም ትንሽ ሳቀች። በሩ ሲዘጋ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አረጀች እንዴ?» አለኝ።

«ጆሮዋ ነው» አልኩት። ሰው ጆሮው ሲደክም ያልተባለ ይሰማል ሲባል ስለሰማሁ፣ ነገሩን ያወቅኩት መሰለኝ።

በማግሥቱ ዘፈኑን በፍላሽ ይዘን ስቱዲዮ ሄድን። እዚያ ያሉት ስፒከሮች ቁመታቸው እኔን ያክላል። ዜማው እንደጀመረ ከሥሩ አንድ ነገር መጣ። ድም አለ። ቆየት ብሎ እንደገና ድም። በጆሮ የሚሰማ አይደለም፤ በወለሉ መጥቶ፣ በወንበሩ እግር ወጥቶ፣ ደረት ላይ የሚያርፍ ነው። ቮልዩም ከመቀመጫው ተነሳ።

«አንተ! ይሄን ቤዝ ከየት አመጣኸው?»

ወንድሜ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። በግምት የደረደረው መስመር እንዲህ አምሮ ይወጣል ብሎ አላሰበም ነበር። «ኧረ እንዲሁ፣ ቤት የሠራሁት ነው፣ ጋሼ» አለ፤ ፊቱ በራ።

«ቤት የሚመታው ግጥም ብቻ ነው ያለው ማነው?» አለ ቮልዩም ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ይሄው ቤዙ ቤት መታ! ጨምረው!»

እኔ ሥራዬ ስንኝ ቤት እንዲመታ ማድረግ ነው፤ የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጨረሻ ጋር አስማማለሁ። ቀልዱን ወደድኩለትና ማታውኑ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ አልሳቀችም።

«ቤት የሚመታውንማ እኔ በየቀኑ እሰማዋለሁ» አለች።

እሷ ራሷም ቀረጻው ውስጥ ገብታ ነበር። ካቆምነው ቀጥሎ የተቀዳው ላይ፣ ከሩቅ፣ ከመኝታዋ «ማነው?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ወንድሜ ሊሰርዘው ሲል ቮልዩም እጁን ያዘው። «ተው! የዘፈኑ ነፍስ እሱ ነው» አለ። ቮልዩም በዕድሜው አንድ ቀን ትክክል የተናገረው ያን ቀን ይመስለኛል። እኔም አዲስ ግጥም ጻፍኩበት፦

ማነው ደጄን የሚመታ፣
ሳልጠራው የመጣ ማታ?

የፍቅር ዘፈን ነበር። ሰው ወደደው። ቮልዩም «እንደሱ ያለ ድገሙኝ» አለ፤ እኛም ደገምን። ወንድሜ ኩራቱ ጣሪያ ነካ። ጓደኞቹ የቤዙን ምስጢር ሲጠይቁት «አሮጊቷ ታውቃለች» ይላል። ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራው ቢሞክር ያ ድምፅ አልመጣ አለው። ቤት፣ በዚያች ውራጅ ላፕቶፕ ሲሠራው ግን ይመጣል። ምክንያቱን አልመረመረም፤ ዕድሉ እንዳይሸሽበት ፈራ መሰለኝ።

ከዚያ ዝናብ ገባ። ጉድጓዱ ውኃ ቋጠረ፤ ቆፋሪዎቹም ለጊዜው ሥራ አቆሙ። እማዬ ትራሷ ላይ አቧራ አገኘሁ ትላለች፤ ትጠርገዋለች፣ በማግሥቱ ሌላ ታገኛለች። የመኝታዋ በር ከወለሉ ጋር ይታገል ጀመር። ወንድሜ «እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ነው» ብሎ ከሥሩ ላገው። ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ያዘ።

ዘፈኖቹም እየፈጠኑ መጡ። ወንድሜ ስቱዲዮ የሰማውን ምት ተከትሎ ነው የሚቀጥለውን ዜማ የሚያቀናብረው፤ ምቱ ሲጣደፍ ዜማው ይጣደፋል። እኔ ረጅም ስንኝ እወዳለሁ፤ አሁን ግን ቃሌ ሳያልቅ ምቱ ይደርስብኛል። ስንኞቼን እያሳጠርኩ፣ እያሳጠርኩ ሄድኩ። አንድ ቀን ተናድጄ «ምን ያስቸኩልሃል? ማን እያባረረህ ነው?» አልኩት። «እኔ እንጃ፣ እንዲህ ነው የሚመጣልኝ» አለኝ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። የኛ መተዳደሪያችን ደግሞ ጆሯችን ነበር።

እማዬ መጀመሪያ ሰሞን ሁልጊዜ ትከፍት ነበር። «ማነው?» ትላለች፣ ትነሳለች፣ ትከፍታለች፣ የለም። እኛ እንስቃለን። ወንድሜ አንዳንዴ ቀድሟት «ማነው?» እያለ ድምፅዋን ያስመስላል። አንድ ምሽት በዝናብ ወጥታ እግሯ ረጥቦ ተመለሰችና በራችን ላይ ቆመች።

«ከእንግዲህ አልከፍትም» አለች። «መሳቂያ አልሆንም። የፈለገው ያንኳኳ!»

ተቆጥታ አልነበረም፤ አፍራ ነበር። ያን ጊዜም ሳቅን።

የመጨረሻውን ዘፈን ወንድሜ ዝም ያለ አደረገው። «ጨምረው» መባል ሰልችቶት፣ ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ፣ የኔ ድምፅና ፒያኖ ብቻ። አመሻሽ ላይ ቀዳነው። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ላፕቶፗን እንደወትሮው ቤት ትተን ፍላሿን ይዘን ሄድን። ውጭው ዶፍ ነው። ወንድሜ ፍላሿን ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ሰካ።

ፒያኖው ጀመረ። እኔ ጀመርኩ። ከሥር፣ ድም።

«ይሄው መጣ የኔ ጌታ!» አለ ቮልዩም።

ወንድሜ አልሳቀም። ስክሪኑን አፍጥጦ ያያል። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቤዝ አላስገባሁም» አለ።

«እና ማን አስገባው?»

ፒያኖውን አጠፋው። የኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከድምፄ ጀርባ፣ ድም፣ ድም፣ ድም፤ ልብ ሲደነግጥ እንደሚመታው። በመሃሉ ከሩቅ የእማዬ «ማነው?»። ከዚያ እኔ የመጨረሻውን ስንኝ ሳልጨርስ ምቱ ቀጥ አለ። እኔ እዘፍናለሁ፤ ከሥር ምንም የለም።

«ለምን አቋረጥከው?» አለ ቮልዩም።

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። «ማይኩ ሚስማሩ ላይ ነው» አለኝ። ሚስማሩ ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳው ጉድጓዱ ላይ ነው። እማዬ ግድግዳው ሥር ናት።

ስልኬን አውጥቼ እማዬ ጋ ደወልኩ። ቮልዩም ፊቴን አይቶ፣ እኔ ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀንሰው» አለ።

ጠራ። አነሳችው።

«አቤት ልጄ።»

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«የት እሆናለሁ፣ ጋደም ብያለሁ። ዛሬስ ተገላገልኩ። ያ ባለጌ ከትናንት ወዲህ አላንኳኳም፤ እንቅልፌን ልጠግብ ነው።»

«እማዬ ተነሺ! አሁኑኑ ከቤት ውጪ!»

«በዚህ ዶፍ? ምን ሆነሻል?»

«ግድግዳው ሊወድቅ ነው!»

«ግድግዳውማ ዛሬ ገና ዝም አለልኝ እኮ ነው የምልሽ።»

ወንድሜ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ለሁላችንም እንዲሰማ ስፒከሩን ከፈተው። እማዬ እስኪገባት ድረስ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል፤ ፈጥና የምትነሳው ለሰው ነው፤ እሱ ያወቀው ይህን ነው።

«እማዬ፣ በር ላይ ሰው አለ! ዝናብ እየመታው ነው፣ ቶሎ ክፈችለት!»

እማዬ ሳቀች። ያን ሳቋን እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

«አሃ! ስታሾፉብኝ ከርማችሁ አሁን ደግሞ በስልክ መጣችሁ? አልነሳም። ለማንም አልከፍትም ብያለሁ፣ ብያለሁ።»

«እማዬ ሙች! ሙች ስልሽ! እውነቴን ነው!»

«ሂድ ወዲያ፣ ሥራህን ሥራ።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቆይ እስቲ... ቆይ። ይሄው ጀመረ። ሰማችሁ? አሁንስ ሰማችሁ አይደል?»

ደስ ብሏት ነበር። እንዳላበደች፣ እንዳላረጀች፣ ጆሮዋም ደህና እንደሆነ ልጆቿ በገዛ ጆሯቸው እየሰሙላት ነበር። ሰማን። ያን ድምፅ በትልልቆቹ ስፒከሮች ጨምረን፣ ጨምረን ሰምተነው እናውቃለን፤ በዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ መጥቶ ሲሞላት ግን ያን ቀን አየን።

«ማነው?» አለች እማዬ።

ሁለቱንም አሮጊቶች ያወጡልን ከአንድ የወደቀ ግድግዳ ሥር ነው። ቮልዩም ቀብሯ ላይ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ። ዘፈኑን ሰው አሁንም ይከፍተዋል፤ መኪና ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ ስሰማው ከዚያች «ማነው?» በፊት ወጥቼ እሄዳለሁ።

አሁን እኔና ወንድሜ የምንኖረው ኪራይ ቤት ነው። በር ሲንኳኳ «ማነው?» አንልም፤ ቀድሞ የሰማው ተነስቶ ይከፍታል። ብዙ ጊዜ ማንም የለም። እኛ ግን ቶሎ አንዘጋም፣ ትንሽ ቆመን እንጠብቃለን።