ምሰሶው ከላይ ሲታይ

ቀስ በይ ልበላት? አይ፣ ዝም በል አንተ፣ ዛሬ ቀስ በይ ባይ የሆንከው ማን ስለሆንክ ነው፣ ሃያ እርምጃ ቀድማኝ በሟች ባሏ ብስክሌት ቁልቁለቱን ትወርዳለች፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጌላታለሁ ግን አሁንም ፔዳሉን በእግር ጣቶቿ ጫፍ ነው የምትነካው፣ ካቴናው ይንጫጫል፣ ዘይት የሚያጠጣው ሰውዬ የለማ። ከሞተ ሁለት ወር ከሦስት ቀን። በቀኝ ወንዙ፣ በግራ ዳገትና ጫካ፣ መሃል ላይ እኔ አሥራ አንድ ዓመት የፈተሽኩት መንገድ፣ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ለብስክሌት የተደለደለ፣ ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድ መኪና የማይገባበት። ከመኪና ነጻ። ታፔላውን የተከልኩት እኔ ነኝ። ምሰሶውንም።

ጋሼ፣ ስንት ቀረን ትላለች ዞር ሳትል፣ ሰባት ኪሎ ሜትር እላታለሁ፣ ድምፄ ደህና ነው፣ የደህና ሰው ድምፅ፣ ይገርማል። እሱ እዚህ ሲደርስ ያፏጭ ነበር ትላለች፣ ደስ ሲለው ያፏጫል፣ ሰፈር ያስቸግራል። ምን ልበል፣ አዎ፣ እዚህ ጋ ሁሉም ያፏጫል፣ ጥላው፣ የውሃው ድምፅ፣ ከኋላህ ክላክስ የሚነፋብህ የለም፣ ሰው ይዝናናል፣ ሰው አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ታዲያ ችግሩ እሱ አይደል።

ዛሬ ጠዋት እምቢ ማለት ነበረብኝ። ጎማ እየለጠፍኩ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆማ አየኋት፣ ልብስ ሰፊ ነኝ አለች፣ የዚያ የሞተው መምህር ባለቤት ነኝ አለች፣ ቦታውን ያሳዩኝ ጋሼ፣ በራሱ ብስክሌት፣ እሱ በመጣበት በኩል። አለቃዬ ውሰዳት አለኝ፣ የምርመራው ወረቀት ያለቀለት ነገር ነው፣ ምን ቸገረህ። ምን ቸገረኝ። እሱ በመጣበት በኩል፣ እሱ የመጣው ከላይ ነዋ፣ እኔ ደግሞ ከላይ መጥቼ አላውቅም።

አላውቅም ነበር፣ በቃ። በየሰኞው ከታችኛው ጣቢያ እነሳለሁ፣ ዳገቱን እየገፋሁ እፈትሻለሁ፣ የተሰበረ ሣንቃ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ፣ የላላ ብሎን፣ ላይ ስደርስ የጭነት መኪናው ሾፌር ይጠብቀኛል፣ በቦርጩ ምክንያት ጎማው ነው የምንለው፣ ብስክሌቴን ይጭናል፣ በመኪናው መንገድ እያወራን እንወርዳለን። አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ቁልቁል አልነዳሁትም። ለምን እነዳለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ቁልቁለት ፍሬን ይበላል፣ ደግሞስ መንገድ መንገድ ነው፣ ከየት ቢያዩት ያው ነው ብዬ። ያው አይደለም!

እንጨት ጫኞቹ በጫካው በኩል መኪና እያስገቡ መንገዱን አበላሹት፣ ሰው ጮኸ፣ አለቃዬ መሃል ላይ ብረት ትከልበት አለኝ፣ ነጭ ቀባው፣ አንጸባራቂ ለጥፍበት። ሐሙስ ተከልኩት። ዘነበ፣ እርጥብ ብረት ቀለምም አንጸባራቂም አይዝም፣ ሰኞ እመለሳለሁ አልኩ። ሰኞ ከታች መጣሁ፣ ሳየው ከሩቅ ወለል ብሎ ይታያል፣ ከጀርባው ሰማይ አለዋ፣ ኧረ ይሄ ማንን ሊሰወር ነው አልኩና ቅጹ ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ቀለም ተቀብቷል፣ አዎ። የቀለሙ ጣሳ መጋዘን ውስጥ ክዳኑ እንዳለ። ቀጣዩ ሰኞም አዎ። ሦስተኛውም አዎ።

ድልድዩ ላይ ትወርዳለች፣ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ ታስደግፋለች፣ እኔም እወርዳለሁ፣ ውሃ እሰጣታለሁ፣ ጣቶቿ ላይ መርፌ የወጋቸው ነጠብጣቦች አሉ። ታውቃለህ፣ አይ፣ ያውቃሉ ነው ያለችው፣ ያውቃሉ ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ መኪና ገጭቶት እጁ ተሰብሮ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ አስፋልት ላይ እንዳትነዳ ብዬ አስማልኩት፣ የዚህን መንገድ ማስታወቂያ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ አይቼ ገንጥዬ ያመጣሁለት እኔ ነኝ፣ ይኸው መኪና የሌለበት፣ እዚህ ሂድልኝ፣ ልቤ ይረፍ። ትጠጣለች። ወረቀቱን ሲያነቡልኝ ጊዜ ተናደድኩበት ትላለች፣ በሞተ ሰው ይናደዳሉ? ይናደዳሉ እላታለሁ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አባባ ምሰሶ አያይም ነበር ወይ አለችኝ፣ አባትሽ ፈዛዛ ነበር አልኳት፣ ሲነዳ ወፍ ነው የሚያየው አልኳት፣ እሷም ትምህርት ቤት ሄዳ አባቴ የሞተው ስለማያይ ነው ብላ ለክፍሉ ሁሉ ነገረች። ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄዋለሁ።

ውሃው ከስር ያጓራል። አሁን ንገራት። አሁን። ጠርሙሱን ተቀብዬ ክዳኑን አጠብቃለሁ፣ ይጠብቃል፣ ደግሜ አጠብቀዋለሁ። እንሂድ ትላለች። እንሂድ።

ወረቀቱን በቃሌ እችለዋለሁ፣ ማገጃው በነጭ ቀለም የተቀባና በቂ አንጸባራቂ ያለው ሆኖ ተገኝቷል፣ አደጋው በአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ ነው፣ ከስር የምስክር ፊርማ፣ የኔ። ሾፌሩ ጎማው ነበር የነገረኝ፣ አንተ ሼባው፣ ሰምተሃል፣ አንድ ብስክሌተኛ ምሰሶህን ገጭቶ ሞተ። ምሰሶህን አለ። መርማሪው ነገ ሦስት ሰዓት ይመጣል አለ። እኔ ሲነጋጋ ደረስኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ በእግሬ፣ ኩርባውን ስዞር ምሰሶው የለም፣ ነቅለውታል እንዴ አልኩ፣ ዛፎቹ ጥላቸውን ጥለውበት፣ ዝገቱ ከረገፈው ቅጠል ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ፣ አሥር እርምጃ ሲቀረኝ ነው ያየሁት፣ በእግሬ እየሄድኩ፣ እየፈለግሁት! ደሙን ዝናብ አጥቦታል። ብረቱን በጨርቅ አድርቄ ቀባሁ፣ አንጸባራቂ ለጠፍኩ። አዲስ መሰለ፣ አዲስ ሲመስል ፈራሁ፣ ቀለሙ ጠበቅ እስኪል ጠብቄ ጭቃና ቅጠል በእጅጌዬ አሸሁበት፣ አንጸባራቂውን በሚስማር ጫርኩት፣ እንዲያረጅ። ምሰሶ ሳስረጅ አረፈድኩ። ባለቤቴ ማታ ሸሚዝህ ላይ ምንድን ነው ነጩ አለችኝ፣ የአጥር ቀለም አልኳት። ጎማው ደግሞ ፈታ በል ይለኛል፣ ሰውዬው ራሱ አብርሮ ነው፣ አንተ ምን አገባህ አቦ።

ኩርባው። ፍሬን ያዢ፣ ይዛለች፣ ጎበዝ። ይኸውና ቆሟል፣ ከስድሳ እርምጃ ይታያል፣ ጭቃዬን ዝናብ አጥቦት ወተት መስሎ፣ ዛሬ ጥላውም አላሸነፈውም።

ብስክሌቱን መሬት ላይ ትለቀዋለች። ትሄዳለች፣ ሮጥ ሮጥ እያለች፣ መዳፏን ታሳርፍበታለች። ይሄ ነው ትላለች። ይሄን ነው ያላየው፣ ጋሼ፣ ይሄን እኮ ዕውር ያየዋል። ከዚያ በመዳፏ ትመታዋለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አንተ ፈዛዛ፣ አንተ ፈዛዛ፣ ልጅህን እንኳ አታስብም፣ እያለቀሰች ነው፣ እየሰደበችው ነው፣ ሰውዬው መቃብር ውስጥ ሆኖ ይሰደባል፣ እኔ እዚህ ሄልሜቴን አውልቄ በአክብሮት ቆሜያለሁ፣ በአክብሮት!

ቀለሙን የቀባሁት በማግስቱ ነው።

ማን ነው ያለው፣ እኔ ነኝ፣ አፌ ነው። ምን አሉ? በማግስቱ ጠዋት፣ መርማሪው ከመምጣቱ በፊት፣ ባለቤትሽ ሲመጣ ቀለም አልነበረውም፣ መቀባት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ እህቴ።

ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጥፍር ቀለሙን ትፍቃለች፣ በስንት ክር ስፌት ውስጥ ያለፈ ጥፍር ነው፣ ነጩ ይነሳል፣ ከስሩ ቡናማው ይወጣል፣ ታየዋለች። ትመታኛለች አልኩ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጥቁር ሹራቧን በራሷ በኩል ታወልቃለች፣ ጸጉሯ ይፈታል፣ በስስ ሸሚዝ ትቀራለች፣ ሹራቡን ምሰሶው ላይ ታጠልቀዋለች፣ እስከ መሬት ትጎትተዋለች፣ እጅጌዎቹን ወደ ኋላ አዙራ ታስራለች፣ ደንበኛ እንደምትለካ፣ ሳትቸኩል።

ና ትለኛለች። አንቱታው ቀረ።

ወደ ላይ እንሄዳለን፣ እስከ ኩርባው፣ ከእሱም አልፈን፣ እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጃኬቴን ልስጣት? አትቀበለኝም። እንዞራለን። ወደ ታች እንመለሳለን፣ እንደ ሰው አወራረድ፣ እንደ እሱ፣ ኩርባውን እንታጠፋለን። ትቆማለች።

ቅጠል። ጥላ። መንገድ፣ ባዶ መንገድ፣ ማፏጨት የሚያሰኝ መንገድ።

ይታያል? ትለኛለች። አይታይም። ድገመው። አይታይም እህቴ፣ ማንም አያየውም፣ ባለቤትሽ ያጠፋው ነገር የለም። እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ ትከሻዋ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ እስኪበቃት እጠብቃለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም። ወረቀቱን እቀይረዋለሁ፣ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ እላታለሁ። ትሄዳለህ ትላለች፣ መጀመሪያ ግን ለልጄ፣ ነገ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ትጠብቀንና አሁን ያልከኝን ለሷ ትላታለህ፣ በዚሁ አፍህ፣ ዓይን ዓይኗን እያየህ።

እሺ። ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው? ዘጠኝ ተኩል። ዘጠኝ ተኩል፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ተንበርክኬ ይሆን የምነግራት፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ዘጠኝ ተኩል፣ እያልኩ በሚያመኝ ጉልበቴ ቁልቁል እሮጣለሁ፣ ሹራቡ ይውለቅ፣ ከላይ ሰው ሊመጣ ይችላል።