የበሪሶ ጠመንጃ በዘርፌ ትከሻ

1

«ጨፍኚ።»

ዘርፌ ጨፈነች።

«ሰደፉን ትከሻሽ ላይ አስደግፊ። ጉንጭሽን ጣል አርጊበት። አትጠንክሪ፣ ትራስ ነው በይ። አሁን ክፈቺ።»

ከፈተች።

«በመነፅሩ ምን ታየሽ?»

«ጥቁር።»

«ሙሉ ጥቁር?»

«ግማሽ። ጎኑ እንደተገመጠ ዳቦ።»

በሪሶ በደህናው እጁ ካቻቢቴውን አነሳ። «ገና ነው» አለ።

ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ «ገና ነው» እንዳለ ሽብሩ እንኳን መቁጠር ትቷል።

2

ኧረ ቆይ! የምታውቋቸው መስሎኝ ዝም ብዬ ገባሁበት።

በሪሶ የፓርኩ ተኳሽ ነው። ማለቴ፣ የሚያስተኛ እንጂ የሚገድል አይደለም። ጠመንጃው ጥይት ሳይሆን የማደንዘዣ መርፌ ነው የሚተኩሰው። ረጅም ነው ስላችሁ እንዲሁ ረጅም እንዳይመስላችሁ፣ መኪና ሲገባ እንደ አናጢ ሜትር ተጣጥፎ ነው። ሰሞኑን ከሞተር ወድቆ ቀኝ ትከሻው ሄዷል። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረውና «እስከ ጥምቀት እንዳትነካው» አለው።

ዘርፌ ስካውት ናት፣ የፓርኩ ጠባቂ። አጭር። ነገረኛ አይደለችም፣ ግን ነገር አታሳልፍም። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ በእሱ ቦታ እንድትተኩስ የተመረጠችውም ለዚሁ ነው።

ሽብሩ ሾፌሩ። አፉ አያርፍም።

ዶክተር አስራደ የእንስሳት ሐኪሙ። «ራስህ ለምን አትተኩስም?» ሲሉት የዓይን መነፅሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ «እኔ ዝሆን አስራችሁ ብታቆሙልኝም እስታለሁ» ይላል። ሐቀኛ ሰው ነው።

እና ባለ ማተቧ።

3

ባለ ማተቧ አንበሳ ናት።

የሆነ ሰው ለከርከሮ ያጠመደው ሽቦ አንገቷ ላይ ገባ። ታግላ በጠሰችው። አንገቷ ላይ የቀረው ግን ቀረ፣ ልክ እንደ ማተብ። ስሙን ያወጡላት ቀን ስካውቶቹ ስቀው ነበር። አሁን አይስቁም። ሽቦው ቆዳውን አልፎ ገብቷል። ሥጋ ጣሉላት፣ ላሰችው፣ ትታው ሄደች። መዋጥ አቅቷታል።

መርፌ መትቶ ማስተኛት፣ ሽቦውን ቆርጦ ማውጣት፣ ቁስሉን ማጠብ። በቃ ይሄው ነው ሥራው።

ችግሩ፣ የቀረው መድኃኒት ለአንድ መርፌ ብቻ ነው። ሌላ ታዟል፣ ይመጣል። እሷ ግን እስከዛ አትቆይም። ዶክተሩ ይሄን ሲናገር ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

አንድ መርፌ።

4

የሰውን ጠመንጃ ለራስ ልክ ማድረግ፦ በሪሶ እንደሚለው

የሰው ጠመንጃ የሰው ጫማ ነው። ገባልሽ ማለት ሆነልሽ ማለት አይደለም።

ሰደፉን በክርንሽ እጥፋት ያዢውና ጣትሽ ቃታው ጋ መድረሱን እይ። (አልደረሰም። የበሪሶ ክንድ ነዋ! ሰደፉ ጫፍ ላይ የነበረውን ወፍራም ላስቲክ ፈቱት፣ ደረሰ።)

አንገትሽን እንደ ኤሊ አታስግጊ። መነፅሩ ወደ አንቺ ይምጣ እንጂ አንቺ ወደ መነፅሩ አትሂጂ። (ብሎኑን አላልተው ወደ ኋላ ሳቡት።)

ሁለቱም ዓይን ክፍት። አንዱን ለመነፅሩ፣ አንዱን ለአውሬው።

ጨፍነሽ አስደግፊ፣ ከዛ ክፈቺ። ከፍተሽ ካስደገፍሽ ሰውነትሽ ይዋሻል፣ ለዓይንሽ ብሎ ይጣመማል። ጨፍነሽ ከሆነ ግን ያለውን ነው የሚያወጣው።

5

ዘርፌ፦ (ባዶ መርፌ ለዒላማ ወደቆመው ካርቶን ተኮሰች።)

ሽብሩ፦ ካርቶኑ ደህና ነው።

በሪሶ፦ አንተ፣ ዝም በል።

ዘርፌ፦ (ደገመች።)

ሽብሩ፦ ከኋላ ያለው ዛፍ ግን እንቅልፍ ይዞታል።

ዶክተር አስራደ፦ ሁለቱም በአንድ በኩል ነው የሄዱት።

በሪሶ፦ አየሁ።

ዘርፌ፦ መነፅሩ ነው።

በሪሶ፦ መነፅሩ እኔ ጋ ሆኖ ስቶ አያውቅም።

ዘርፌ፦ ታዲያ እኔ ነኛ።

በሪሶ፦ አንቺ ነሽ ወጣኝ?

ሽብሩ፦ እንግዲያውስ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

6

በሪሶ ግራ ገባው።

(ይሄን ቃል ያዙልኝ።)

ሁሉን ነገር ለክቶላታል። ሰደፉ ልክ ነው፣ መነፅሩ ልክ ነው። ያ የተገመጠ ዳቦ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ጠመንጃውን ማየት ተወና እሷን ማየት ጀመረ። ሳትናገር፣ ሳታውቀው፣ ጭንቅላቷ ሰደፉን ተሻግሮ ዘንበል ይላል። ቀኝ ዓይኗ መነፅሩ ላይ መሆን ሲገባው ግራው እየተጋፋ ይመጣል። ልክ የታክሲ ወረፋ ላይ እንደሚጋፋ ሰው።

«ተይውና ነይ እስቲ» አላት። «ያንን ጉቶ በአውራ ጣትሽ ሸፍኚልኝ። ሁለቱም ዓይን ክፍት።»

«ሸፈንኩት።»

«ቀኝሽን ጨፍኚ።»

«እንደተሸፈነ ነው።»

«ግራሽን።»

«ውይ፣ ጣቴ ዘለለ!»

በሪሶ ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«የሚያነጣጥረው ግራ ዓይንሽ ነው። ግራኝ ነሽ እንዴ?»

ዘርፌ አውራ ጣቷን አጠፈች።

«ነበርኩ።»

7

«ነበርኩ» ይባላል ወይ? ሽብሩ የጠየቀው ይሄንን ነው። «ግራኝነት የቀበሌ ሊቀመንበርነት ነው እንዴ የሚወረደው?»

ይባላል። ዘርፌ ልጅ ሆና ዳቦ ሲሰጧት በግራ እጇ ትቀበል ነበር። እናቷ ያፍራሉ። በሰው ፊት በግራ መቀበል ስድብ ነዋ! መጀመሪያ ተቆጧት። ቀጥሎ እጇን በርበሬ ቀቧት። በመጨረሻ በመቀነታቸው ግራ እጇን ከወገቧ ጋር አሰሩትና እንዲህ ሆና ዋለች፣ ሰነበተች። ለክፋት አይደለም። ሰው እንዳይስቅባት ነው። ሲፈቷት በቀኟ ትበላ ነበር፣ በኋላም በቀኟ ጻፈች፣ በቀኟ ሰላም አለች። መሣሪያ ስታነሳም በየት በኩል ብላ የጠየቀች አይመስለኝም።

እጇ ታሰረ፣ ተማረ።

ዓይኗን ግን ማን ይሰረው?

8

«አዙሪው» አለ በሪሶ።

«ምኑን?»

«ጠመንጃውን ነዋ! ወደ ግራ ትከሻሽ።»

አዞረችው። ጉንጯ የሚያርፍበት ቦታ ባዶ ነው። በሪሶ ከዋንዛ ጠርቦ ሰደፉ ላይ የለጠፋት የጉንጭ መደገፊያ በወዲያኛው ጎን ናት፣ እዚህም አታስጠጋም፣ ያላግባብ ትቆረቁራለች። ያቺን እንጨት ማንም እንዲነካት አይፈቅድም። ሽብሩ አንድ ቀን ሲነካካት አይቶ ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ ነበር።

ቢላ አወጣ።

«ጋሽ በሪሶ፣ ይተዉት» አለች ዘርፌ። «በቀኝ እሞክራለሁ። ለምጄዋለሁ።»

«ባለ ማተቧም ሽቦውን ለምዳዋለች» አለና ፈነቀላት።

እንጨቷ ስትለቅ ቋ አለች። በሪሶ አነሳት፣ ኪሱ ከተታት።

በምትኩ ምን ይደረግ? ከጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አገኙ፣ ግን ይፋጃል። የሚጠቀለልበት ለስላሳ ነገር ሲፈለግ ሽብሩ ጫማውን አወለቀ።

«ካልሲህ ታጥቧል?» አለች ዘርፌ።

«በዚህ ዓመት?»

«እኔ ጉንጬን እዚህ ላይ አላስነካም!»

«ማደንዘዣው አንሶናል አላላችሁም? ያው፣ አግዣለሁ።»

ዶክተር አስራደ ሳቁን መያዝ አቃተው። ዘርፌ ካልሲውን በውኃ አለቅልቃ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ራሷ ጠቀለለችው። መነፅሩንም እንደገና አቃኑት። እዚህ ጋ ብዙ ሰዓት ሄደ፣ አልዘረዝረውም።

9

«ጨፍኚ። አስደግፊ። ክፈቺ።»

ከፈተች። የተገመጠ ዳቦ የለም።

«ምን ታየሽ?»

ሙሉ።

10

ካርቶኑ ተመታ። መሐል ለመሐል። ሽብሩ «ነፍስ ይማር!» አለ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ አለዚያ መጨረሻው አይገባችሁም። በቀኝ ትከሻ የሚተኩስ ሰው መኪና ውስጥ የሚመቸው የሾፌሩ መስኮት ነው፣ ሰውነቱ ወደ ግራ ነው የሚዞርለት። በሪሶ ሁሌም ሽብሩን አስነስቶ መሪው ጋ ተቀምጦ ነው የሚተኩሰው። በግራ ትከሻ ለሚተኩስ ደግሞ ግልባጩ ነው። የጋቢናው የቀኝ መስኮት ለዘርፌ እንደ ተሰፋላት ሆነ።

ዕቅድ፦ ሽብሩ መኪናውን አንበሳዋን በቀኝ አርጎ ያቆማል። ሞተር ያጠፋል። አፉንም ያጠፋል።

ሲወጡ በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ ሰንሰለቱን እያወረዱ እንደ ሁልጊዜው መረቋቸው፦

«በቀኝ ያውላችሁ!»

«አሜን!» አለ ሽብሩ። «ሰማሽ? አንበሳዋን በቀኝ ነው የተባልነው።»

11

ግራር ሥር ተኝታ አገኟት። በቀኝ። ምርቃቱ ሠራ።

የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ዝንቡ አንገቷ ላይ ነው፣ ታራግፈዋለች፣ ይመለሳል። ሽብሩ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ በሪሶና ዶክተር አስራደ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ዘርፌ ጨፈነች፣ በግራዋ አስደገፈች፣ ከፈተች። ሙሉ። ግን አንበሳዋ ፊት ለፊት ነው የተኛችው፣ መርፌው የሚያርፍበት ታፋ አይታይም። እስክትነሳ መጠበቅ ነው።

ተነሳች።

ወደ መኪናው መጣች። ቀረበች፣ መስኮቱ ሥር ገባች፣ ከጠመንጃው አፍ በታች ሆነች። አልፋ በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞረች።

ወደ ግራ።

በሽብሩ መስኮት በኩል፣ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ታፋዋ እንደ በር ተከፍቶ። ከፊቷ ሸምበቆ ነው።

«ሸምበቆው ከገባች አናገኛትም» አለ ዶክተሩ፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

ሽብሩ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለቀቀና ጣሪያውን እያየ ተዘረጋ። መስኮቱን ለዘርፌ ተወላት።

12

ሞተር ቢያስነሱ ትሮጣለች። በር ቢከፍቱም ያው። በሪሶ በቀርከሃ ታስሯል።

በቀኝ ትከሻዋ ብታደርገው ሰውነቷ ይዞርላታል፣ አፈሙዙ ቀጥ ብሎ መስኮቱ ላይ ይወድቃል። ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችውም እሱን ነው። ግን እንጨቷ የለችም፣ ካልሲው በወዲያ ነው፣ መነፅሩ ውስጥ ያ የተገመጠ ዳቦ ይጠብቃታል።

በግራዋ ብታደርገው ሙሉውን ታያለች። ግን ተጣማ፣ ወገቧ ማርሹን ተደግፎ፣ ክርኗ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ ያን ጊዜ ይንቀጠቀጥ አይንቀጠቀጥ እሷም አታውቅም።

አንበሳዋ አንድ እግሯን ወደ ሸምበቆው አነሳች።

ዘርፌ ዞር ብላ በሪሶን አየችው።

13

«ጨፍኚ» አላት።

ጨፈነች።

«አስደግፊ።»

በየት በኩል እንደሆነ አላለም።

14

ዘርፌ ዓይኗን እንደጨፈነች ሰደፉን ወደ                     ትከሻዋ ሳበችው።

ባዶውን እናንተ ሙሉት። እናንተ ብትሆኑ በየት በኩል ታስደግፉት ነበር?