በአጎቴ ስም ያየኋት ጨረቃ

መጀመሪያ አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። በድሪ ይባላል፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ራዲዮ ይጠግናል፣ ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ክፍል ነው የሚኖረው። አሰበ ተፈሪ ውስጥ እሱ ያልፈታው ራዲዮ የለም። ወሬ ግን አያውቅም። ሰላም ስትሉት እንኳን በጭንቅላቱ ነው የሚመልሰው። የቤታችንን ወሬ ሁሉ የማወራው እኔ ነኝ። እናቴ "የበድሪን ድርሻ ደርበሽ ወስደሻል" ትለኛለች። ስሜ ጣሂራ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን "ራዲዮዋ" ነው የሚሉኝ። እሱ ራዲዮ ይዘጋል፣ እኔ አልዘጋም፣ ብለው ይስቁብናል።

አምና ድሬዳዋ ሄዶ ከጅቡቲ በባቡር የገባ ቴሌስኮፕ በቴፑ ለውጦ መጣ። ነጭ ረጅም ቱቦ ነው፣ ሦስት እግር አለው። ግቢው መሃል ሲያቆመው ሰፈርተኛው "መድፉ" አለው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር መጣ።

"ጓድ በድሪ፣ ይሄ ነገር ወደ ማን ነው የተደገነው?"

"ወደ ጨረቃ፣ ጓድ።"

ሰውየው ሽጉጡን በእጁ ደገፍ አድርጎ አጎነበሰና አየ። ቆየ። ቀና ሲል "ፊቷ እንዲህ ፈንጣጣ የበላው ነው እንዴ?" ብሎ ሄደ። ከዛ ወዲህ ማንም አልነካንም።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበርና ከሱ ጋር ማየት ለመድኩ። ለጓደኛዬ ለረዲያ "ዘንድሮ የኢድን ጨረቃ ከሁሉም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ" እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ። "አንቺ? ደግሞ ማን ያምንሻል?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጨረቃ አየሁ የሚል ሰው የመስጊዳችን ሼህ ሙሜ ፊት ቆሞ ይመሰክራል። እሳቸውም ሰውየው ማን ነው፣ አፉ ይታመናል ወይ ብለው ነው የሚቀበሉት። እኔን ሽንኩርት ተወደደ ብዬ እንኳን የሚያምነኝ የለም።

የረመዳን ሃያ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ጨረቃ ማታ ከታየች ነገ ኢድ ነው፣ ካልታየች ሠላሳ ይሞላል። ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ያንጋጥጣል። ከተራራው በላይ ግን ደመና ተጋድሞበታል፣ ምንም አይታይም። አዛን አለ፣ ሰዉ አፈጠረ። አጎቴ ቱቦውን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር ቆየና፣

"ሰግጄ ልምጣ። ስመለስ አንድ የሚገርም ነገር አሳይሻለሁ። እንዳትነኪው" ብሎኝ ገባ።

እኔ የዛን ቀን ሶላት አልነበረብኝም፣ ሴቶች ይገባችኋል። ብቻዬን ቀረሁ። አልነካሁትም እኮ! ዓይኔን ብቻ አስጠጋሁ።

ወላሂ፣ ጨረቃ! ቅጥን ያለች፣ እንደ ተቆረጠ ጥፍር፣ ጫፎቿ ሹል፣ ነጭ። "ታየች! ታየች!" ብዬ ጮህኩ።

ከአጥሩ ማዶ አዴ ዙለይኻ ሳምቡሳ እየጠበሰች ነበር። እንደናቴ የማያት ጎረቤታችን ናት፣ ጆሮዋ ደግሞ ለጉድ ነው።

"ማን ነው ያየው?"

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። "እኔ" ብል "ውይ ራዲዮዋ!" ብላ ወደ መጥበሻዋ ትመለሳለች።

"አጎቴ!" አልኩ። "አጎቴ በድሪ አየ!"

"በድሪ? ዱጋ?"

"እውነት! በዓይኑ አየ!"

በድሪ ካለማ አለቀ። እልልታዋን ለቀቀችው። ከሷ ቀጥሎ ያለው ቤት ተቀበለ፣ ከዛ ታች ሰፈር፣ ከዛ መስጊዱ ጋ ደረሰ። አጎቴ ሰግዶ ሲወጣ እልልታው ከተማውን ሞልቶታል።

"ምንድነው?"

"አየኋት! ጨረቃን አየኋት!"

ወደ ቱቦው እንኳን አልሄደም። አገጬን በእጁ ይዞ ቀና አደረገኝ።

"ቱቦው ወደዞረበት እይ። በባዶ ዓይንሽ። ምን አለ?"

አየሁ። ጨረቃ የለችም። ማታ ማታ የምናያት ያቺ ደማቅ ኮከብ ናት፣ ከደመናው በላይ ቁጭ ብላ።

"ዙህራ ናት፣ ቬነስ የሚሏት" አለኝ። "በቱቦው ሲያዩዋት እሷም እንደ ጨረቃ ትጎድላለች። ላሳይሽ የነበረው እሱን ነው።"

ምድር ብትውጠኝ! እሱ ጫማውን አጠለቀ። ሰዉ ነገ ጾሙን ሊፈታ ነው፣ ሮጦ መናገር አለበት። እኔም ተከተልኩት። መንገዱን ሙሉ "አጎቴ፣ ያንተን ስም ነው የጠራሁት" ልለው አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ያ የማያርፈው አፌ! እሱ የሚያውቀው "ታየች" ብዬ መጮሄን ብቻ ነው።

መስጊዱ በር ላይ ወንዶቹ ተሰብስበዋል፣ ሴቶቹ ማዶ ቆመዋል። ገና ሲያዩት ተጠመጠሙበት። ሼህ ሙሜ ሁለት እጁን ያዙት።

"በድሪ፣ አላህ ዓይንህን ይባርከው! አንተ ባታይልን ደመናው ሸፍኖብን ነበር። በል፣ አየሁ በልና መስክር።"

አጎቴ ዘወር ብሎ አየኝ። አንዴ ብቻ። መሬት መሬቱን አየሁ።

አላየሁም ቢል ጉዱ የኔ ነው። ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጅ፣ በአላህ ጾም ላይ የዋሸች። ከዛ በኋላ ማን ለጋብቻ በሬን ያንኳኳል? ያንን ሁሉ እዛው ቆሞ ያሰበው ይመስለኛል።

"ተሳስቻለሁ" አለ። "ያየሁት ኮከብ ነው። ጾሙ አልወጣም፣ ነገ እንጾማለን።"

ከዛ አንዱ "ኮከብና ጨረቃ አይለይም እንዴ?" አለ። ሌላው "ያ መድፉ ጭንቅላቱን መታው!" ሲል ሳቁ። ሉካንዳ ቤት ያለው አብዱልቃዲር ግን አልሳቀም፤ ለኢዱ በሬውን አርዶ ነው የመጣው።

ሼህ ሙሜ እጁን ለቀቁት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

"በድሪ፣ ይሄ የሰው ጾም ነው። በጨረቃ ነገር ከእንግዲህ አንተን አልጠይቅም።"

"እሺ፣ ሼህ።"

ያኔ ነው ያልቻልኩት። "እሱ አይደለም! እኔ ነኝ! እሱ እየሰገደ ነበር፣ እኔ ነኝ አየ ያልኩት!"

ሰዉ ዞረ። አሁን ይሰድቡኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አዴ ዙለይኻ መጥታ እቅፏ ውስጥ አስገባችኝ።

"እዩልኝ እስቲ ይቺን ልጅ! ያጎቷን ነውር በራሷ ልታደርግ! አላህ ያሳድግሽ፣ የኔ ኢንታላ፣ የኔ ልጅ።"

"ኧረ እውነቴን ነው አዴ! ላንቺ አይደል የነገርኩሽ?"

"አዎ፣ እሱ አየ ብለሽ ነገርሽኝ። ልጅ ያሏትን ነው የምትናገረው።"

"ተባረኪ" አሉኝ ሴቶቹ። ግንባሬን የሳመችኝም አለች። በሕይወቴ እንደዛ ተመስግኜ አላውቅም፤ እያንዳንዱ መሳም እንደ ጥፊ ነበር። አጎቴን አየሁት፣ ንገራቸው ብዬ። ራሱን ነቀነቀ፣ "ተይው" እንደማለት፤ ወደ ቤት አቀና።

ቤት ስንደርስ ይቅርታ አልኩት። "ለሱሁር ሌሊት እንነሳለን፣ በጊዜ ተኚ" አለኝ።

በማግስቱ ሠላሳ ሞላ፣ ምስክር የሚያስፈልገው የለም። ሰዉ ግን መንገድ ላይ ወጣ፣ ልማድ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አጎቴ አጥሩ ጋ ቆመ። እኔም አጠገቡ። ጎረምሶቹ ሲያልፉ "በድሪ፣ ዛሬስ ስንት ጨረቃ አለ?" ይሉታል። እሱ ሰማዩን ነው የሚያየው።

ድንገት አገጩን ወደ ተራራው ቀና አደረገልኝ። አየሁ። ከጫፉ በላይ፣ ፀጉር የምታህል፣ ልትጠልቅ የደረሰች። መንገዱ ሙሉ ሰው ነው፣ ማንም ገና አላያትም። ሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው።

አጎቴ አልተነፈሰም። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። አዴ ዙለይኻ "ያቻት! ያቻት!" ብላ እልል እስክትል ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። እሷ ስትጮህ አብዱልቃዲር ወደኛ ዞሮ፣

"አየህ በድሪ? ጨረቃ ማለት እንዲህ ናት!" አለው።

"ማሻአላህ" አለ አጎቴ፣ ልክ ገና ያያት ይመስል።