አባዬ የመረጠው ጎማ

አባዬ አርባ ዓመት ሙሉ ቶርኖ ላይ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው፤ ክብነቱ የጎደለ ነገር ሲያይ ጥርሱን ያመዋል። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው አንዲት አሮጌ ትንሽ ቶርኖ ሰጠው። እሷን ጓዳ ውስጥ ተክሎ ሥራ የሚያመጣለት ሰው ቢጠብቅ ቢጠብቅ ማንም አልመጣም። ያኔ ጺሙን መላጨት ተወ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግረው የለም፤ እኔም ሥራ በዛብኝ እያልኩ በወር አንዴ ነበር ብቅ የምለው።

እኔ ልጆችን ስኬትቦርድ፣ ባለ አራት ጎማዋን መንሸራተቻ ሳንቃ፣ አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ በቦርዴ ወደ እሱ ስሄድ ቁልቁለቱ ላይ ለመቆም ቦርዱን በጎን ሳብኩት። ጎማው ሳይዞር አስፋልቱ ላይ ተፋቀና አንድ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆነ። ከዚያ እስከ ደጁ ድረስ ቋ ቋ ቋ እያለ ወሰደኝ። አባዬ ድምፁን ሰምቶ ከወንበሩ ተነሣ። ጎማውን ቶርኖው ላይ አስሮ ላጥ ላጥ አደረገውና ክብ አድርጎ አወጣው፤ ሌሎቹን ሦስቱንም ከእሱ ጋር እኩል አደረጋቸው። በማግስቱ ስደውልለት ጺሙን እየተላጨ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ብናገር አላፍርም። በየቅዳሜው ሰፈሩ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ደህናውን ጎማ በሞረድ እፍቅና "አባዬ፣ ደግሞ ተበላብኝ" እያልኩ እገባለሁ። እሱም "አንቺ ሽክርክሪት፣ ጎማ ነው ወይስ ድንች የምትልጪው?" እያለ ይቀርጽልኛል። ስድስት ወር እንዲህ ሄደ። ጎማዎቹ ከማነሳቸው የተነሣ መንገድ ላይ ጠጠር ባየሁ ቁጥር ነፍሴ ትወጣ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ያመጣሁትን ጎማ ሳይቀርጸው ኪሱ ከተተው። ካፖርቱን ደርቦ፣ ቶሎ ጠፍጣፋ የማይሆን ጎማ ልግዛልሽ ብሎ ወደ ስኬትቦርድ መሸጫው ይዞኝ ሄደ። ያ ጎማ ከተገዛ ቶርኖው ሥራ ይፈታል፤ አባዬም ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

እዚያ መለኪያውን ካሊፐር አውጥቶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ለካ። በጥፍሩ እየተጫነ ምልክቱ ቶሎ የሚጠፋውን ለየ፤ የመደርደሪያው መስተዋት ላይ እያንከባለለ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ሻጯ ጥንካሬው ብቻውን እንደማይበቃ፣ በጎን ሲጎተት መሬቱን ሳይነክስ የሚንሸራተተው ጎማ ግን ዙሪያውን እኩል እንደሚያልቅ አስረዳችው። ይኼኔ እኔ ቶሎ ከሚበሉት ርካሾች መሃል አንድ ሮዝ ጎማ አንስቼ ቀለሙ አማረኝ አልኩ። ጎማ በቀለም ስመርጥ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ሻጯ በመነጽሯ አናት አየችኝ። "ይሄን እኮ ለተማሪዎቼ እንዳትሸጪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባዬ ግን እሷ ካሳየችው ውስጥ ነጩን መርጦ አራት ገዛና ወጣን።

መንገድ ላይ ክንዴን ያዘና አሮጌውን ጎማ ከኪሱ አወጣ።

"አስፋልት የበላው ጭረቱ ወደ አንድ በኩል ነው የሚሄደው" አለ። "ይሄ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሞረድ ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀ ጠየቅኩት።

"ከሁለተኛው ቅዳሜ።"

ታዲያ ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው ጎማውን በመዳፉ አገላበጠው። እንባዬ መጥቶ ነበር።

"ከተናገርኩ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ" አለ። "አሁን ግን ጎማው አዝራር አከለ፤ አንድ ቀን ወድቀሽ ትሰበሪብኛለሽ። ሥራ አታምጪልኝ፣ ሽክርክሪት። ባዶ እጅሽን ነይ።"

እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብለን አዲሶቹን ጎማዎች ገጠምን። እኔ ብሎን ሳጠብቅ እሱ እያንዳንዱን በጣቱ እያሽከረከረ አየ፤ ለአንዱም እንከን አላወጣለትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም ሳልይዝ ሄድኩ። ጎማው ድምፅ ስለሌለው መምጣቴን አይሰማም ብዬ በሩን ላንኳኳ ስል ራሱ ከፈተው። ጺሙን ተላጭቶ ነበር።